ሐውልት ያልቆመበት ኮረብታ፦ የአንኮበር ቤተ መንግሥት ጉብኝት

አገሮች የመሠረታቸውን መታሰቢያ ሲያቆሙ ብዙውን ጊዜ ከሩቅ የሚታይ ከፍታ ይመርጣሉ። ጀርመኖች በፈረንጆች 1871 በአንድ መንግሥት ሥር መሰባሰባቸውን የሚዘክረውን ሐውልት የሠሩት ከራይን ወንዝ በላይ፣ በኒደርቫልድ ኮረብታ ላይ ነው፤ በ1883 የተመረቀው ይህ ሐውልት 38 ሜትር ያህል የሚረዝም ሲሆን፣ በላዩ ላይ ጌርማንያ የተባለች፣ ዘውድ ወደ ላይ ያነሣች የነሐስ ሴት ቆማበታለች። ያ ሐውልት ሲመረቅ ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። ዛሬ የምናውቃትን ኢትዮጵያ ቅርጽ ያስያዘው ጉዞ ከተነሣባቸው ቦታዎች አንዱ፣ በእኔ አስተያየትም ዋነኛው፣ አንኮበር ነው፤ አንኮበር ላይ ግን ይህን የሚናገር ግዙፍ ሐውልት አልቆመም። ያለው ኮረብታው ነው፤ ከላዩ ከቀድሞው ቤተ መንግሥት የተረፈ ረጅም የድንጋይ ግንብና የዚያን ቤተ መንግሥት መልክ ለመከተል የተሠራ የእንግዳ ማረፊያ፣ በዙሪያውም አብያተ ክርስቲያናት ይገኛሉ። ደብረ ብርሃን ለምንኖር ሰዎች ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ ሁሉ «አንኮበር ምን የሚታይ ነገር አለ?» ብሎ መጠየቁ ስለማይቀር፣ መልሱን በጽሑፍ ማስቀመጥ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፣ ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ እስከ አንኮበር ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የዛሬዋ የአንኮበር ወረዳ ከተማ ጎረቤላ ስትሆን፣ ቤተ መንግሥቱ የነበረበት ኮረብታ ግን ከከተማዋ ራቅ ብሎ፣ ለብቻው ጉብ ብሎ የሚታይ ነው። ይህን ልዩነት አስቀድሞ ማወቅ ገንዘብ ያድናል፤ ምክንያቱም መኪና የሚያከራይ ሰው «እስከ አንኮበር» ብሎ ተስማምቶ፣ ጎረቤላ ሲደርስ «ኮረብታው ሌላ ሒሳብ ነው» ሊል ይችላል፤ በእኛም ላይ ደርሷል። ስለዚህ ስምምነቱ እስከ ኮረብታው ግርጌ፣ ደርሶ መልስ፣ የቆይታውን ሰዓት ጨምሮ መሆኑ ከመነሣት በፊት በግልጽ ይነገር። በአሁኑ ጊዜ የመንገዱን ሁኔታ በዕለቱ ከአካባቢው ሰው ጠይቆ መነሣትም ከዚህ የማይለይ ጥንቃቄ ነው።

መንገዱ ራሱ የጉብኝቱ አካል ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ለረጅም ጊዜ የሚታየው ገብስና ባቄላ የተዘራበት ሜዳ፣ የበግ መንጋ፣ የድንጋይ ቤትና ባሕር ዛፍ ነው፤ አገሩ ሁሉ እንዲሁ ዝርግ ሆኖ የሚቀጥል ይመስላል። ከዚያ በኋላ መሬቱ በድንገት ያልቃል። የደጋው አፋፍ ላይ ሲደርሱ ከፊት ያለው ሜዳ ሳይሆን ሰማይ ነው፤ ከሰማዩ በታች የተደራረቡ ተራሮች፣ ከተራሮቹም ማዶ ወደ አፋር የሚዘልቀው ቆላ አለ። ብዙ መንገደኛ ይህን የመሰለ እይታ የሚያውቀው ጣርማበር ካለው የምኒልክ መስኮት ነው፤ የምኒልክ መስኮት ግን በወሎ መንገድ ላይ፣ ደብረ ሲና ከመድረስ በፊት የሚገኝ ሌላ ቦታ በመሆኑ፣ ሁለቱን አንድ አድርጎ በዚያ መንገድ ወደ አንኮበር ለመሄድ የሚነሣ ሰው አቅጣጫውን ስቷል።

ኮረብታውን ለመውጣት በዛፎች መካከል በሚያልፍ የእግር መንገድ መሄድ ያስፈልጋል። ርቀቱ አጭር ቢሆንም ዳገቱ ቁመቱን ቀስ ብሎ ያሳውቃል፤ ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ብዙ አይቸገርም፣ ከቆላ የመጣ ግን በየመሐሉ ማረፍ ይኖርበታል። አየሩ ርጥብ ሲሆን ድንጋዩ ያንሸራትታልና ሶሉ ያላለቀ ጫማ ይመከራል።

አናቱ ላይ የሚጠብቀው ነገር የጎብኚውን ሐሳብ በሁለት ይከፍለዋል። የተሟላ ቤተ መንግሥት፣ ዙፋንና አልባሳት ያሉበት አዳራሽ ለማየት የመጣ ሰው ቅር ይለዋል፤ ከጥንቱ ግቢ ዓይን የሚይዘው ያ ረጅም ግንብ ብቻ ነውና። ማረፊያው የቀድሞውን መልክ ለማሳየት መሞከሩ ጥሩ ነው፤ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሻይ መጠጣትም የተወደደ ነገር ነው። ሆኖም አዲሱን ሕንፃ ምኒልክ የተቀመጡበት እውነተኛ ቤት አድርጎ ፎቶግራፍ እያነሣ የሚመለስ ሰው ቁጥሩ ጥቂት አይመስለኝም። ዋናው ቅርስ ግንቡ ነው። ድንጋዩ እንዴት እንደተካበ፣ በድንጋዩ መካከል የገባው ማያያዣ እስከ ዛሬ እንዴት እንደያዘ ቀርቦ መመልከት ይቻላል፤ ላዩ ላይ ወጥቶ ፎቶግራፍ መነሣት ግን ሊከለከል ይገባል። እኛ በነበርንበት ሰዓት ወጣቶች እንደ ፈረስ ተፈናጠውበት ነበር፤ ተቆጪም አልነበረም።

ግንቡን አይቶ ወዲያው የሚመለስ ሰው ግን አንኮበርን አላየም ማለት ነው። የዚህ ኮረብታ ጉዳይ በስተምሥራቅ ነው። ወደ ምሥራቁ አፋፍ ሄዶ፣ ጭጋጉ ከመምጣቱ በፊት ጠዋት ላይ ወደ ታች የተመለከተ ሰው የሸዋ ነገሥታት ለምን ይህን ቦታ እንደመረጡ ያለ አስተማሪ ይረዳዋል። ከጀርባ እህል የሚያበቅለውና ፈረሰኛ የሚያሰልፈው ደጋ አለ። ከፊት ገደል ነው፤ ጠላት ቢመጣ ከሩቅ ይታያል። ከገደሉ በታች ባሉት ኮረብታዎች መካከል የገበያ ቦታዋ አልዩ አምባ አለች፤ ከእርሷም ማዶ፣ ከ1,000 ሜትር በታች ዝቅ ባለው በረሃ አዋሽን ተሻግሮ፣ በአፋር ምድር አልፎ እስከ ታጁራ ወደብ የሚደርሰው የሲራራ መንገድ ይዘረጋ ነበር። ጨው በዚህ መንገድ ይገባ ነበር፤ ጨርቅና ጠመንጃ በዚህ መንገድ ይገቡ ነበር፤ ቡናና የዝሆን ጥርስ በዚሁ ይወጡ ነበር። ሰዎችም እንደ ዕቃ ተሸጠው በዚሁ ይወጡ ነበርና፣ የአንኮበርን ብልጽግና የሚያወሳ ሰው የባሪያ ንግዱን ዘሎ ማለፍ አይገባውም። አንኮበር ላይ የተቀመጠ ንጉሥ የደጋውን እህልና የቆላውን ንግድ በአንድ እጁ ይይዛል፤ ቀረጡም በደጃፉ ያልፋል።

የታሪኩ ቅደም ተከተል ይህን ያጠናክራል። በ18ኛው መቶ ዘመን መርዕድ አዝማች አምኃ ኢየሱስ አንኮበርን መቀመጫቸው አደረጉ፤ ከእርሳቸው በኋላ አስፋ ወሰን፣ ወሰን ሰገድ፣ ከዚያም ሣህለ ሥላሴ ተተኩ። ሣህለ ሥላሴ የቀደሙትን አባቶቻቸውን ማዕረግ ትተው ንጉሥ የተባሉት የሸዋ ገዥ ናቸው፤ የውጭው ዓለም አንኮበርን በስም ያወቀውም በእርሳቸው ዘመን ነው። ካፒቴን ሃሪስ የሚመሩት የእንግሊዝ መልእክተኞች ከታጁራ ተነሥተው በዚህ ገደል የወጡት በ1833 ዓ.ም. ነው፤ በቀጣዩ ዓመት ኅዳር ወር ላይም ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራርመዋል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። ያን መንገድና የይፋትን ቆላ በንጉሡ ሥር ሆነው የሚያስተዳድሩት፣ እንግዳውንም ተቀብለው ወደ ላይ የሚያሳልፉት የወላስማ ዘር የሆኑት የእስላሙ ሹም ወላስማ መሐመድ ነበሩ። የጥንቱ የይፋት ገዥዎች ዘር ለሸዋው ክርስቲያን ንጉሥ በር ጠባቂ ሆኖ ሳለ፣ አንኮበርን የአንድ ወገን አምባ ብቻ አድርጎ መተረክ እውነቱን ያጎድላል። ከግርጌ ያለውም የአርጎባ አገር እስከ ዛሬ ለዚህ ምስክር ነው።

ከዚያ የምኒልክ ተራ ይመጣል። የተወለዱት በአዲስ አበባና በደብረ ብርሃን መካከል፣ ከጫጫ አቅራቢያ በምትገኘው አንጎለላ፣ በ1836 ዓ.ም. ነው። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን በወረሩ ጊዜ ሞቱ፤ ልጁ ወደ መቅደላ ተወሰዱ፤ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ተመለሱና የአባታቸውን ዙፋን ያዙ። ለአንኮበር ይህ ዘመን የመጨረሻው የድምቀት ዘመን ነው። በ1869 ዓ.ም. የጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር የላካቸው ሰዎች መጡ፤ በ1871 ዓ.ም. ደግሞ ወጣቱ የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ደረሰ፤ በኋላ ለምኒልክ መንግሥት የብዙ ሥራዎች መሪና አማካሪ የሆነው ሰው አገሩን ያወቀው ከዚህ ገደል ጀምሮ ነው። ነገር ግን መንግሥቱ ወደ ደቡብ እየሰፋ ሲሄድ አንኮበር ጥግ ሆነች። ንጉሡ ወደ ልቼ፣ ከዚያ ወደ እንጦጦ አዘነበሉ። በ1879 ዓ.ም. ቅኔውን ትቶ ነጋዴ የሆነ አንድ ፈረንሳዊ ጠመንጃ ጭኖ፣ በበረሃው ወራት ፈጅቶ አንኮበር ሲደርስ ምኒልክን አላገኛቸውም፤ ወደ ሐረር ዘምተው ነበርና ዕቃውን ይዞ ወደ እንጦጦ መሄድ ነበረበት። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ተቆረቆረች። በ1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የተጫነውም እንጦጦ ማርያም እንጂ እዚህ አይደለም።

እንግዲህ አንኮበር ምሥረታው የተፈጸመበት ሳይሆን የተሰነቀበት ቦታ ነው። ጠመንጃው የገባበት፣ ቀረጡ የተከማቸበት፣ የውጭውን ሰው አነጋግሮ መሸኘት የተለመደበት ግቢ ነበር። ከዚህ ስንቅ የተነሣው ዘመቻ በሁሉም ዘንድ በአንድ ስም እንደማይጠራም አውቃለሁ፤ ለአንዱ አንድነት የሆነው ለሌላው በአያቶቹ ላይ የወረደ ጦርነት ነው፤ ኮረብታውን ለልጆች የሚያስጎበኝ አስተማሪ ሁለቱንም ቢነግራቸው አንኮበር አታንስም።

ይህ ሁሉ ታሪክ ለጎብኚው በቦታው አይነገረውም፤ ዋናው ጉድለት ይኸው ነው። እኛን ያስጎበኘን ወጣት ትሑትና ትጉህ ነበር፤ የነገሥታቱን ስምና ዓመት ሳይሳሳት ደረደረ። ነገር ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ግንቡ አድርጎ ነበር የሚናገረው። በመጨረሻ «ወንድሜ፣ አልዩ አምባ በየት በኩል ናት?» ብዬ ብጠይቀው ዞር አለና፣ «ያቻት ጋሼ፣ አያቴ በርበሬና ጨው ልትገዛ አህያ እየነዳች በዚህች ጥግ ነበር የምትወርደው፤ ሌሊት ወጥታ ጀምበር ሳትጠልቅ ትመለስ ነበር» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ወረዱባቸው ጥጎች፣ ስለሚያርፉባቸው ዛፎች፣ ደገኛው ገብስና ባቄላ ቆለኛው ማሽላና በርበሬ ይዞ ስለሚገናኝበት ገበያ የነገረን ነገር ከዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የሚበልጥ ነበር። አስጎብኚ የሚቀጥር ሰው ይህን ጥያቄ አስቀድሞ ቢጠይቅ ይጠቀማል።

አንዳንድ ሰዎች እዚህ ላይ ታላቅ የምኒልክ ሐውልት መቆም ነበረበት ይላሉ። እኔ አልስማማም። በዚህ ገደል አፋፍ ላይ የሚቆም ሐውልት፣ ምንም ያህል ቢገዝፍ፣ ከገደሉ ፊት ትንሽ ሆኖ ከመታየት አያመልጥም፤ ደግሞም የጎብኚውን ዓይን ከሚያስፈልገው አቅጣጫ ያዞርበታል። የኒደርቫልዱ ሐውልት ከራይን በላይ መቆሙ ያስፈለገው ወንዙ ድንበር ነውን ወይስ የጀርመን ወንዝ ነው የሚለው ክርክር ስለነበረበት ነው፤ የአንኮበር ጉዳይ ደግሞ ድንበር ሳይሆን በር ነው። የሚያስፈልገው በምሥራቁ አፋፍ ላይ ወገብ ድረስ የሚደርስ የድንጋይ ገበታ፣ በገበታውም ላይ የተቀረጸ ካርታ ነው፤ አልዩ አምባ በዚህ፣ አዋሽ በዚህ፣ የታጁራ መንገድ በዚህ፣ ንጉሣውያን ዘመዶች ይታሰሩበት የነበረው የጎንቾ አምባ በዚህ የሚል። ለግንቡ ደግሞ አጥርና ጠባቂ። ለሐውልት ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ይበቃዋል።

አብያተ ክርስቲያናቱን በተመለከተ፣ ከኮረብታው አጠገብ ያለችውን ኪዳነ ምሕረትን ሳይሳለሙ መመለስ ነውር ነው። የነገሥታቱ ከተማ በነበረችበት ዘመን የተተከሉት የአንኮበር ደብሮች ብዙ ናቸው፤ ሁሉንም በአንድ ቀን ለማዳረስ መሯሯጥ ግን አይጠቅምም። ነጠላ ይያዝ፣ ጫማ ይውለቅ፣ ፎቶግራፍ ከማንሣት በፊት አባቶች ይጠየቁ። እኛ ያገኘናቸው አባት፣ «ከየት መጣችሁ ልጆቼ?» ብለው ጠይቀው፣ ጠበል አስቀምሰው፣ ስለ ነገሥታቱ ከመናገራቸው በፊት ስለ ጣሪያው ማፍሰስ ነገሩን። ሙዳየ ምጽዋቱ ውስጥ የሚጨመር ነገር ይዞ መሄድ መልካም ነው።

ታሪክ ለማይስበው ሰው ደግሞ ተፈጥሮው ይበቃዋል። በገደሉ አፋፍ ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ሆኖ ሣር ሲነጭ ይታያል፤ ሰው ስለለመደ ቶሎ አይሸሽም፣ ምግብ ማቅረብ ግን አይገባም። በፈረንጆች 1976 በዚህ አካባቢ ለመጀመሪያ ጊዜ የተለየች፣ በኢትዮጵያ ካልሆነ በሌላ አገር የማትገኝ፣ በአንኮበር ስም የተሰየመች ትንሽ ወፍ አለች፤ ቡናማና ዝንጉርጉር በመሆኗ ለተራ ተመልካች ከድንቢጥ የምትለይ አትመስልም፤ ነገር ግን እርሷን ብቻ ለማየት ከአውሮፓ ድረስ የሚመጣ ሰው አለ። ጊዜ ያለው ሰው ጥንታዊ የጽድ ዛፎች ወዳሉበት ወፍ ዋሻ ደን ሊያልፍ ይችላል፤ እርሱ ግን ራሱን የቻለ ጉዞ ስለሆነ ከኮረብታው ጋር በአንድ ቀን ማያያዝን አልመክርም።

ስለ ብርዱ አጥብቄ መናገር አለብኝ። የሰሜን ሸዋ ደጋ ውርጭ በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ላይ የማይቀለድበት ነው፤ አንኮበር ላይ ደግሞ ከቆላው የሚወጣው ነፋስና ጭጋግ ይጨመርበታል። ከአዲስ አበባ በቀጭን ሹራብ የሚመጣ እንግዳ በረንዳ ላይ ቆሞ የሚያየው እይታ ሳይሆን የገዛ ጥርሱ ሲንገጫገጭ ነው። ጋቢ ወይም ወፍራም ካፖርት ይያዝ፤ የመንዝ ባና ያለው ሰው ደግሞ ቦታው የተሠራለት ነው። ለጉብኝት የሚመረጠው ወቅት ክረምቱ ወጥቶ አየሩ ከጠራበት ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ እስከ ጥር ያለው ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ የሄደ ሰው ነጭ ጭጋግ አይቶ ሊመለስ ይችላል፣ ከላይ የተናገርሁት ምሥራቃዊ እይታም በሙሉ ይቀርበታል። ስለ ምግብ ብዙ የምለው የለኝም፤ ጎረቤላ ላይ ትኩስ ሽሮ በእንጀራ አይጠፋም፣ ለመንገድ ደግሞ የገብስ ቆሎ መያዝ ይበቃል።

ከቤተሰብ ጋር ለሚሄዱ፣ ለልጆች ቦታው ምቹ ነው፤ ሆኖም ምሥራቁ አፋፍ ላይ እጃቸውን መልቀቅ አይገባም። ጉልበታቸው ለደከመ ወላጆች ዳገቱ ስለሚከብድ፣ መኪናው ግርጌ ከመድረሱ በፊት መንገዱ ላይ ካሉት አፋፎች በአንዱ ቆሞ ማሳየት ይሻላል፤ ዋናው ነገር ቆላው ነውና ከዚያም ይታያል። ግማሽ ቀን ብቻ ያለው ሰው ማረፊያውን ትቶ ግንቡንና አፋፉን ይያዝ። ሁለት ቀን ያለው ከአዲስ አበባ ሲመጣ አንጎለላ ላይ ወርዶ የምኒልክን የትውልድ ቦታ ያስቀድም፣ ደብረ ብርሃን ይደር፣ በማግስቱም ማልዶ ይነሣ፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ አንኮበር የደረሰ ሰው ጭጋጉ ቀድሞት ሊያገኘው ይችላል።